በሦስት እግር ነጻ የወጣው ፈረስ

ማክሰኞ ጧት፣ ደሴ

ማክሰኞ ጧት አንድ ሰዓት ላይ ከደሴ መነኻሪያ ተነሳሁ። ወደ ወልድያ የሄድኩት ለሥራ ነው። ሠላሳ ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰዎች ጽሑፍ እያመጡ ያሳርሙኛል። በዚህ ጊዜ የመጣልኝ አንድ ማኅበር ለጋሪ ነጂዎች ሊያሳትመው ያሰበው ትንሽ መጽሐፍ ነበር። ረቂቁ አንዱ ገጽ ላይ «የእንስሳት ደኅንነት» ይላል፣ ሌላው ገጽ ላይ «የእንስሳት መብት» ይላል፤ ሁለቱን እንደ አንድ ነገር ያፈራርቃቸዋል። ደውዬ ልዩነታቸውን ብጠይቅ፣ «መምህር፣ እኛም እሱን እንለይ ብለን ነው ወልድያ ላይ የሁለት ቀን ውይይት የጠራነው፤ መጥተው ይስሙና ያቃኑልናል» አሉኝ።

ከመነሻው ልናገር፤ ይህን ማስታወሻ የጻፍኩት ተናድጄ ነው። ንዴቴ ገና አልበረደም። ጥቂቱ በሌሎች ሰዎች ላይ ነው፣ የሚበዛው በራሴ ላይ።

ሚኒባሱ ሳይሞላ አይነሳም፤ ሲሞላም አይበቃውም። ረዳቱ በሁለት ሰው ቦታ ሦስት ሰው እያስጠጋ፣ ሐይቅን አልፈን ውጫሌ ደረስን። እዚያ በሻይና በአምባሻ ቁርሳችንን ቀመስን። ከውጫሌ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል፤ በየመታጠፊያው ሙቀቱ ይጨምራል። ውርጌሳ ስንደርስ ከደሴ የለበስኩትን ኮት አውልቄ ጉልበቴ ላይ አጥፌ አስቀመጥኩት።

ውርጌሳ ላይ አንድ ሰውዬ ሁለት ፍየል ይዞ መጣ። ረዳቱ የአንዷን ፍየል ሂሳብ ከእኔ ሂሳብ እኩል ጠራበት፤ ሰውዬው ተከራክሮ በግማሽ ተስማሙ። ፍየሎቹ አራት እግራቸውን በገመድ ታስረው ጣሪያው ላይ ተጫኑ። እኔ ከሥር ረቂቁን ገልጬ «እንስሳት ሲጓጓዙ መቆምና መተኛት የሚችሉበት ቦታ ሊኖራቸው ይገባል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አርማለሁ። «ሊኖራቸው ይገባል» የሚለውን «ይኑራቸው» አልኩት። ከራሴ በላይ ፍየሎቹ ቆርቆሮውን በጭንቅላታቸው ይደበድባሉ። አጠረ፣ አማረ ብዬ ገጹን ገለበጥኩ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

መርሳ፣ አራት ሰዓት ገደማ

መርሳ ልንገባ ትንሽ ሲቀረን ሹፌሩ ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ። ቀና ብል አስፋልቱ ጠርዝ ላይ አንድ ፈረስ ቆሟል። ዳማ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ቦራ አለው። የፊት ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሮ፣ ሰኮናው ወደ ውጭ ዞሮ ተንጠልጥሏል፤ ዝንብ ወርሮታል። በሦስት እግሩ ቆሞ ወደ ከተማው ይመለከታል። በጥሩምባው አልተንቀሳቀሰም፤ ሹፌሩ ዞሮት አለፈ።

«የማን ነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

«የማንም አይደለም፤ ተለቆ ነው» አለ ሹፌሩ።

አገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። በእኛ ዘንድ የጋሪ ፈረስ ሲያረጅ ወይም ሲሰበር ባለቤቱ ይለቀዋል። ፈረስን እስላሙም ክርስቲያኑም አይበላውም፤ ስለዚህ አይታረድም። ያገለገለን ከብት በእጅ መግደል ደግሞ ነውር ነው፣ ውለታ መብላት ነው ይባላል። ስለዚህ ልጓሙ ይወልቅለታል፣ መንገድ ዳር ይወሰዳል፣ ይለቀቃል። የቀረውን ጥሙና ጅቡ ይጨርሱታል። የባለቤቱ እጅ ግን ንጹሕ ነው።

«ለምን አይገላግሉትም?» አልኩ።

አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው፣ «ኃጢአት አይደል እንዴ ልጄ፤ እሱ ይገላግለው» አሉና ወደ ሰማይ አመለከቱ።

ሚኒባሱ ከፈረሱ ሃያ እርምጃ ያህል አልፎ ቆመ፤ ፍየሎቹ እዚያ ይወርዱ ነበር። በሩ ተከፈተ። መውረድ እችል ነበር። ሰዓቴን አየሁ፤ ስብሰባው በማግስቱ ነው፣ የቸኮልኩበት ነገር አልነበረኝም። ግን ሰዓቴን አየሁና ተቀመጥኩ። በሩ ተዘጋ።

ሲሪንቃ ስናልፍ የእርሻ ምርምር ማዕከሉን ማሳ በመስኮት አየሁ። የማሽላው መደብ ሁሉ በገመድ ተለክቷል፣ እያንዳንዱ ላይ ስሙን የያዘ ሰሌዳ ተተክሏል፣ ወፍ የሚጠብቅ ሰው ቆሟል። ለማሽላ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ አገር፣ አስፋልት ዳር ለቆመ ፍጡር አንድ ሰው ያጣል። ወልድያ እስክንገባ ይህንኑ እያብሰለሰልኩ ሄድኩ፤ ያደረግኩት ነገር ግን የለም።

ወልድያ፣ ረቡዕና ሐሙስ

ወልድያ ባጃጁ በዝቷል። ከመነኻሪያ እስከ ሆቴሉ የጠራብኝን ሂሳብ ሰምቼ «እኔ ባጃጁን አልገዛውም» አልኩት ሹፌሩን፤ ሳቀና ቀነሰልኝ። አልጋው ንጹሕ ነው፣ ውሃው በፈረቃ ነው። ስለ ወልድያ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ሁለቱን ቀን ያሳለፍኩት አዳራሽ ውስጥ ነው።

ውይይቱን የያዙት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛዋ ዶክተር ሰናይት ናት፤ እዚያው ወልድያ የምትሠራ የእንስሳት ሐኪም፣ አጭር ቁጡ ሴት። ስትናገር ተቀምጣ አትናገርም። ሁለተኛው ብሩክ ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ የሕግ ምሩቅ፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው ወጣት።

ሰናይት ስለ ደኅንነት ተናገረች። «በሬው ያርሳል፣ ፈረሱ ይጎትታል፣ ይህን አልከለክልም። ግን ይብላ፣ ይጠጣ፣ ጀርባው ሲቆስል ይረፍ፣ ሲታመም ይታከም፣ የማይድን ከሆነ ደግሞ አይሠቃይ። እኔ የምለው ይኸው ነው» አለች።

ብሩክ ስለ መብት ተናገረ። «ጥያቄው ጅራፉ ረዘመ አጠረ አይደለም፤ ጅራፉን ማን ሰጠን ነው። ፈረሱ የራሱ ሕይወት አለው። የእኛ ዕቃ አይደለም። በጥሩ ሁኔታ የተያዘ እስረኛም እስረኛ ነው» አለ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ከጋሪ ነጂዎች ተወክሎ የመጣ አንድ ጎልማሳ እጁን አውጥቶ፣ «ወንድሜ፣ የአንተ ነገር ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ። ፈረሴ መብቱን ሲያገኝ እኔ ጋሪውን ልጎትት ነው?» አለው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ረቡዕ ስለነበር ምሳው የጾም በያይነቱ ነበር፤ ብሩክም ምግቡን እያየ፣ «እናንተ እኮ ሳታውቁት በተግባር ከእኔ ጋር ናችሁ» አለ። ጎልማሳው ምስሩን እየጠቀለለ፣ «ለበሬው ብለን መስሎህ ነው የምንጾመው? ፋሲካ ይምጣና ታየናለህ» አለው። ሁላችንም ሳቅን፣ እኔም ሳቅሁ። ፈረሱ በዚያች ሰዓት መርሳ ቆሟል። እኔ አውቃለሁ፤ ምስር እየበላሁ ስቄአለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግን አልቻልኩም። ሰናይትና ብሩክ የማይድን እንስሳን መግደል ተገቢ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ተያይዘው ነበር። ብሩክ፣ «እሱ ሳይፈቅድ ሕይወቱን የምንወስደው በምን ሥልጣን ነው?» ይላል። ሰናይት፣ «ሕመሙንስ በማን ሥልጣን ነው የምንተውለት?» ትላለች። ተነሳሁና የመርሳውን ፈረስ ተናገርኩ። እግሩን፣ ዝንቡን፣ ማለፌን ጭምር ተናገርኩ። «አሁን ሁለታችሁም ለዚህ ፈረስ ምን ትላላችሁ?» አልኩ።

ስብሰባውን የሚመራው ሰው ብዕሩን አንስቶ፣ «መምህር፣ ግሩም ምሳሌ ነው። በቃለ ጉባኤው ይያዝልን» አለና ወደሚቀጥለው ርዕስ ሄደ።

ደሜ ፈላ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ፤ አንድ አዳራሽ ሙሉ የአህያ ባል ተሰብስበናል። ደብተሬን ዘግቼ ወጣሁ። ሰናይት በረንዳው ላይ ደረሰችብኝ።

«እውነተኛ ፈረስ ነው ወይስ ለምሳሌ ያህል ነው ያነሱት?»

«እውነተኛ ነው።»

«ታዲያ ከማክሰኞ ጀምሮ ምን ሲጠብቁ ነበር?» አለችኝ። «ነገ ጧት አራት ሰዓት መነኻሪያ እንገናኝ» ብላኝ ሄደች።

ብሩክም ወጥቶ አጠገቤ ቆመ። «እኔ ብሆን አልገድለውም፤ አሳክመው ነበር» አለ።

«የት?» አልኩት።

ትንሽ አሰበና፣ «አላውቅም» አለ። ቢያንስ አልዋሸም፤ ስለዚህ አክብሬዋለሁ።

ዓርብ፣ መርሳ

ሰናይት ሰማያዊ ቦርሳ ይዛ መጣች። በሚኒባስ እስከ መርሳ አንድ ሰዓት አልፈጀብንም። ፈረሱ እዚያው ነበር፤ ከማክሰኞው ቦታ አሥር እርምጃ ያህል ፈቀቅ ብሎ የግራር ጥላ ሥር ቆሟል። ቁስሉ ሸትቷል። ሰናይት ተንበርክካ እግሩን ሳትነካ አየችው፣ ዓይኑን አየች፣ ጆሮውን ዳሰሰች። «ይህ አይድንም። እስካሁን መቆሙ ራሱ ጉድ ነው» አለች።

ማዶ ሻይ የምትሸጥ ዘይነብ የምትባል ሴት አለች። ወንበር አወጣችልን፣ ሻዩንም ሳንጠይቅ አመጣች። ታሪኩን የነገረችን እሷ ናት። የፈረሱ ስም ቦራ ነው። ባለቤቱ አያ እንድሪስ ይባላሉ፤ የከተማው የድሮ ጋሪ ነጂ ናቸው። እሑድ ዕለት አንድ የጭነት መኪና ጋሪውን ገጭቶ ገለበጠው፤ ሽማግሌው ተረፉ፣ ፈረሱ ተሰበረ። ያን ዕለት ማታ ሳይመሽ ልጓሙን አውልቀው እዚህ አምጥተው ለቀቁት።

«እኔ ስድስት ቀን ሙሉ እሱን እያየሁ ሻይ እሸጣለሁ» አለች ዘይነብ። «ሰው ይመጣል፣ ያያል፣ ከንፈሩን ይመጣል፣ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል።»

«ጅብስ?» አልኳት።

«ወላሂ እሱ ነው የሚገርመኝ። አያ እንድሪስ ማታ ማታ እሳት አንድደው አጠገቡ ይቀመጣሉ። ጧትና ማታ በጄሪካን ውሃ ያመጡለታል።»

ይህን ስሰማ ንዴቴ ባሰ እንጂ አልቀነሰም። የማይገድለው፣ ጅብም እንዳይገድለው የሚጠብቀው ሰው ምን እያደረገ ነው? አምስት ሌሊት ሥቃዩን እየጠበቀለት አይደለም እንዴ?

ሰናይት ግን መርፌውን አላወጣችም። «ባለቤቱ ሳይፈርም አልነካውም» አለችኝ። ባለፈው ዓመት እሷ አንዲት የተለቀቀች አህያ በመርፌ ስትገላግል ማንም ዝር አላለም ነበር፤ በማግስቱ ባለቤቷ ሽማግሌ ሰብስቦ መሥሪያ ቤቷ ድረስ መጥቶ ካሳ ጠይቋታል። ከዚያ ወዲህ ቅጽ አላት። ባለቤት ይፈርማል፣ ሁለት ምስክር ይፈርማል።

የጁምዓ ሰዓት ስለነበር ጠበቅን። ማንጎ ገዝተን በላን፤ የመርሳ ማንጎ ጣፋጭ ነው፣ ያን ቀን ግን አልጣመኝም። ሶላቱ አልቆ ሰዉ ከመስጊድ ሲወጣ ዘይነብ በእጇ አሳየችን። አያ እንድሪስ ቀጭን ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ ነጭ ኮፍያ አድርገዋል፣ በእጃቸው ቢጫ ጄሪካንና አንድ የላስቲክ ሳፋ ይዘዋል። ከኋላቸው አሥር የሚሆኑ ሰዎች ነገሩን ሰምተው ተከተሏቸው፤ የሚበዙት ጋሪ ነጂዎች ናቸው።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አሉን።

«ወዐለይኩም ሰላም አያ እንድሪስ። ይማም እባላለሁ፣ መምህር ነኝ፣ ከደሴ። እሷ የከብት ሐኪም ናት።»

«እንኳን ደህና መጣችሁ የኔ ልጆች። ትጠግኑታላችሁ?»

ሰናይት በእርጋታ ነገረቻቸው። አጥንቱ ተበታትኗል፣ ቁስሉ መርዟል፣ የሚጠገን ነገር የለም። በመርፌ መጀመሪያ ይተኛል፣ ከዚያ ሳያውቀው ይሞታል፣ ሕመም የለውም። «እርስዎ ባለቤቱ እዚህ ላይ ይፈርሙልኝና» አለች ቅጹን ዘርግታ።

ሽማግሌው ቅጹን አላዩትም። «እኔ ባለቤቱ አይደለሁም» አሉ።

«ፈረሱ የእርስዎ አይደለም እንዴ?»

«ነበር። ለቀቅኩት። አሥራ አንድ ዓመት አብልቶኛል። ሦስት ሴት ልጅ ድሬበታለሁ። ታምሜ ስተኛ ልጄ እየነዳው መድኃኒቴን የገዛው እሱ ነው። እሑድ ዕለት ልጓሙን አውልቄ፣ ከዛሬ ጀምሮ የማንም አይደለህም፣ አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ አልኩት። ጀማዓው ምስክሬ ነው። አሁን መልሼ የእኔ ነው ብዬ ልፈርም? ለምን? እንዲገደል? ሩሁን የሰጠ አላህ ነው፣ የሚወስድም እሱ ነው። የለቀቁትን መልሶ ማሰር የለም ልጄ።»

ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። አንዱ «እውነት አሉ» አለ። እዚያ መንገድ ዳር ቆሜ ብሩክ በአዳራሹ የተናገረውን እንደገና የሰማሁ መሰለኝ። ዕቃ አይደለም፤ የራሱ ሕይወት አለው፤ እኔ ሥልጣን የለኝም። ብሩክ በብዙ መጽሐፍ የደረሰበት ቦታ ሽማግሌው በራሳቸው መንገድ ደርሰዋል። ፈረሱም ከሁለቱ ክቡር ቃል መሃል ቆሞ እየበሰበሰ ነው።

እኔ ያኔ ተሳሳትኩ። ስህተቴን ሳልሸፍን እጽፈዋለሁ።

«ውሸት ነው!» አልኩ። «ነጻነት እወድለታለሁ ካልክ በአራት እግሩ ሲሮጥ ለምን አልለቀቅከውም? ጋሪ ሲጎትት የአንተ ነበር። ገብስ ሲያመጣ የአንተ ነበር። እግሩ ሲሰበር፣ የሚያስፈልገው ሰው ሲሆን፣ ያን ጊዜ ነጻ አወጣኸው! አንተ እጅህን ነው ያዳንከው እንጂ ፈረሱን አይደለም!»

ሰዉ የደነገጠው በተናገርኩት ነገር አልነበረም። እኔ፣ ሠላሳ ዓመት ልጆችን ያስተማርኩ፣ በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሽማግሌ በጀማዓ ፊት አንተ ብያለሁ። ዘይነብ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አንድ ጎረምሳ ጋሪ ነጂ ወደ እኔ አንድ እርምጃ መጣ፤ አያ እንድሪስ ክንዱን ይዘው አቆሙት።

«ተወው፤ ይናገር» አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሱም። «ጨረስክ?»

ሰናይት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «መምህር፣ ባለቤት ከሌለው መፈረም የሚችል ሰው የለም። እኔ ልሄድ ነው» አለችኝ። ቦርሳዋን ዘጋች።

ያኔ ነው የገባኝ። የማንም ያልሆነ ፈረስ ማንም አይገላግለውም። እንዲያርፍ የሆነ ሰው የግድ «የእኔ ነው» ማለት አለበት።

«የማንም ካልሆነ የእኔ ነው» አልኩ። «አያ እንድሪስ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን ለቅቄዋለሁ ብለዋል፣ ጀማዓው ሰምቷል። እኔ ወስጄዋለሁ። ባለቤቱ እኔ ነኝ።»

ሰናይት ሽማግሌውን አየች። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። አዎም አላሉ፣ እምቢም አላሉ። ሰናይት ቅጹን ሰጠችኝ። ስሜን ጻፍኩ፣ ባለቤት በሚለው ፊት ፈረምኩ። ዘይነብ መጥታ በምስክርነት ፈረመች። ሁለተኛው ምስክር ያ ወደ እኔ ተራምዶ የነበረው ጎረምሳ ነው፤ ብዕሩን ከእጄ መንጭቆ ነው የወሰደው።

አያ እንድሪስ ጄሪካኑንና ሳፋውን አንስተው ወደ እኔ መጡ። «በል፣ የአንተ ከሆነ ውሃውን አንተ አጠጣው» አሉኝ።

ውሃውን ቀድቼ ወደ ቦራ አፍ አቀረብኩለት። አልጠጣም። አፍንጫውን ወደ ሽማግሌው አዞረ። ከሦስት ቀን በፊት አይቼው ያለፍኩት እኔ ነኝ፤ ለምን ከእኔ ይጠጣል?

አያ እንድሪስ ሳፋውን ተቀበሉኝ። «ቢስሚላህ» አሉና አቀረቡለት፤ ጠጣ። እየጠጣ ሳለ ሰናይት በአንገቱ በኩል ቀረበች። ሽማግሌው መርፌውን አይተዋል። ሳፋውን አልነጠቁትም፣ አልሸሹም። በሌላው እጃቸው ጋማውን ያዙ። ቦራ መጀመሪያ ጭንቅላቱ ዝቅ አለ፣ ከዚያ ጉልበቱ ታጠፈ፣ ከዚያ በጎኑ ተኛ። ሰናይት ሁለተኛውን መርፌ ወጋችው። ሻይ ከሚፈላበት ጊዜ ያነሰ ነው የወሰደው። ስድስት ቀን የጠበቀው ነገር ያ ነበር።

ሰናይት መድኃኒቱ ሥጋው ውስጥ ስላለ ውሻም ጅብም እንዳይበላው በጥልቀት መቀበር አለበት አለች። ፈረስ ሲቀበር መርሳ አይታ አታውቅም። ሰዉ አጉረመረመ፣ አንዳንዱ ሳቀ፣ ብዙው ተበተነ። ጋሪ ነጂዎቹ ግን ቀሩ። ዶማና አካፋ አመጡ። እኔም ኮቴን ጥዬ ቆፈርኩ፤ እጄ ውሃ ቋጠረ። ጎረምሳው አጠገቤ እየቆፈረ አንድ ቃል አላናገረኝም። አፈሩን ስንመልስ አያ እንድሪስ ሄደው ነበር። ሳፋው እዚያው ቀርቷል፤ ዘይነብ አነሳችው። እኔም እጄን ከታጠብኩ በኋላ፣ የሚፈልገኝ ቢኖር ብዬ ስልኬን ጽፌ ሰጠኋት።

ደሴ

ዓርብ አመሻሽ ላይ ደሴ ገባሁ። ባለቤቴ ጫማዬ ላይ ያለውን አፈር አይታ፣ «ስብሰባው እርሻ ላይ ነበር እንዴ?» አለችኝ። ነገርኳት። ስለ ፈረሱ ዝም ብላ ሰማችኝ፤ አያ እንድሪስን አንተ ማለቴን ስነግራት ግን ተነስታ ወጣች።

በማግስቱ ረቂቁን አርሜ ጨረስኩ። ከተባልኩት በላይ ነው ያረምኩት። ደኅንነትና መብት የሚለያዩበትን ገጽ እንዳለ ሰርዤ እንዲህ ጻፍኩ፦

«መብት፣ ይህ እንስሳ መጀመሪያውኑ ሊሠራልህ ይገባል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ደኅንነት ደግሞ፣ እየሠራልህ ሳለ በላ ወይ፣ ጠጣ ወይ፣ ቆሰለ ወይ፣ ሲሞትስ ተሠቃየ ወይ ብሎ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ጥያቄ ከባድ ነው፤ አስብበት፣ ከልጆችህም ጋር ተነጋገርበት። ሁለተኛው ግን ቀጠሮ አይሰጥም። እንስሳህን መልቀቅ ከፈለግህ ጤነኛ ሳለ ልቀቀው። ከተሰበረ በኋላ ያንተ ነው።»

ማኅበሩ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ጠንከር ብላለች፣ ትለዝብ ብሎ መለሰልኝ። አላለዝባትም አልኩ። ጉዞው ያስተማረኝ ይኸው ነው። ብሩክ የሚናገረው ቦራ ጋሪ ስለ ጎተተበት አሥራ አንድ ዓመት ነው፤ እውነቱን ነው፣ ለአሥራ አንዱ ዓመት መልስ የለኝም። ሰናይት የምትናገረው ስለ ዛሬ ከሰዓት ነው። እኔ ደግሞ ሁለቱን እየሰማሁ ሁለት ቀን ተቀምጫለሁ፤ ቦራ የቆመበትን ያን ሁለት ቀን ማንም አይመልስልኝም።

ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት፣ ጧት ልብሴን እየለበስኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«መምህር ይማም ነህ? እንድሪስ ነኝ፣ የመርሳው። ቁጥርህን ዘይነብ ሰጠችኝ።»

«አያ እንድሪስ! እንዴት ነዎት? ደህና ነዎት?»

«አልሐምዱሊላህ። ስማኝ። ያን ቀን በጀማዓ ፊት አንተ ብለኸኛል። እሱን ገና ይቅር አላልኩህም።»

«ይገባዎታል» አልኩ።

ከሩቅ የባጃጅ ድምፅ ይሰማኛል።

«የጎረቤቴ አህያ ገደል ገብታ ወገቧ ተቆርጧል። ሰውዬው ለቅቄያታለሁ፣ አልፈርምም ይላል። የዚያችን ሐኪም ስልክ ፈልግልኝ። ባለቤት ጠፋ ካለች እኔ አለሁ በላት፤ አውራ ጣቴን ቀብቼ እፈርማለሁ።»

«ስንት ቀኗ ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ዛሬ ጧት ነው የወደቀችው» አሉኝ። «ቶሎ በል።»